የማይቆረቁር ስፌት

ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «አለሁ» እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ሰፈርተኛው የረሳሁ መስሎት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሕፃን ልጅ «አመሰግናለሁ በል» ተብሎ እንደሚጎተጎት አፍ አፌን ያየኛል። እኔም መልሼ አየዋለሁ። በመጨረሻ ዓይኑን የሚሰብረው እሱ ነው። ቆይተው ስም አወጡልኝ፤ «እማማ አለሁ»። ይሁን። ከዚህ የባሰ ስም ተሸክሞ የሚኖር ስንት አለ።

እግዚአብሔርን ግን አልካድኩም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ እቀመጣለሁ። አካሄዴ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ነው፤ ለሰርግም ለለቅሶም አይቀርም፣ ዓይን ለዓይን ግን አይተያይም። በልቤ የሌለውን ቃል አፌ ላይ አስቀምጬ እሱን ለማታለል ከምሞክር ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ያን ሰሞን ቄሱ ስለ አሥሩ ለምጻሞች አስተማሩ። ጌታ አሥሩንም አነጻቸው፤ ተመልሶ ያመሰገነው ግን አንዱ ብቻ ነው። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብለው ጣታቸውን ወደ እኛ ዘረጉ። ምሰሶው ባይኖር ጣቱ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ስንወጣ በር ላይ ያዝኳቸው።

«አባ፣ ዘጠኙን እንዲህ የሚያዋርዷቸው ምን ይዟቸው እንደቀሩ ጠይቀዋል?»

«ምን ይዟቸው ቀሩ?»

«ስንት ዓመት ከሰው ተለይተው የኖሩ ናቸው! ቤታቸው ሚስት አለች፣ ልጅ አለ። ሮጠው ወደዚያ ሄዱዋ። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።»

ቄሱ ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያለ ነገር አይቆጡም። «አንዱ ግን ተመለሰ፣ እናቴ» አሉኝ።

«እሱማ ምናልባት ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ባይኖር ነው» አልኩና ሄድኩ።

መንገድ ላይ የገዛ ቃሌ ተመልሶ ወጋኝ። እኔንስ ቤቴ ማን ይጠብቀኛል? አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የተሰቀለ የልጄ ሰማያዊ ካፖርት። ለማንም አልሰጠሁትም። በሩን ስከፍት ነፋስ አብሮኝ ይገባና ትንሽ ያወዛውዘዋል። የሚቀበለኝ እሱ ነው።

ሥራዬ አንሶላ መጠገን ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለች ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ከማጠቢያው እንፋሎት የተነሳ ክረምት ከበጋ ያልበዋል። አንሶላ እንደ ሰው ነው ምናምን እያልኩ አልፈላሰፍም፤ አንሶላ አንሶላ ነው። የሚያረጀው ግን መሃሉ ነው፣ ሰው የሚተኛበት። ጠርዙ ደህና ሆኖ ሳለ መሃሉ ይሳሳና ብርሃን ያሳልፋል። ያኔ ከላይ እስከ ታች ለሁለት እቀደዋለሁ፤ ደህናውን ጠርዝ ከደህናው ጠርዝ ጋር አገጣጥሜ በመሃል እሰፋዋለሁ፤ የሳሳው ወደ ዳር ወጥቶ ፍራሹ ሥር ይታጠፋል። አንሶላው በዚህ ሌላ ሦስት ዓመት ያገለግላል። ክፋቱ፣ በሽተኛው ጀርባ ሥር ስፌት ይፈጠራል። በመኪና የተሰፋ ከሆነ ደግሞ እንደ ገመድ ይቆረቁራል። በእጅ ከሰፉት ግን ጫፎቹን እርስ በርስ አጣጥፎ ማስተኛት ይቻላል፤ እጅዎን ቢያሳልፉበት አይታወቅም። ለአንድ አንሶላ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ማንም አያደርገውም።

ድሮ አራት ጠጋኞች ነበርን። «መነጽር» የምንላት አለቃ ነበረችን፤ የክር ጫፍ ወለል ላይ ካየች ለቅሶ የምትቀመጥ። መጥፎ ስፌት የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ሁላችንም በአንሶላው ጥግ ምልክት እንድናደርግ አዘዘች። አንዷ ክብ አደረገች፣ አንዷ ሦስት ነጥብ፣ አንዷ የስሟን ፊደል። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ኋላ በስተርጅና ልጄ ናት ያስቆጠረችኝ። ስለዚህ መርፌ ሁለቴ ማስገባት የሚበቃውን መረጥኩ፤ መስቀል። ጽድቅ አስቤ አይደለም። ክር ስለማይፈጅ ነው።

ሦስቱ አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ፤ መነጽርም ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ። ልጄ ከሞተች ወዲህ መስቀሏንም ተውኳት። ለማን ብዬ? የሚሰፋው እኔ፣ የሚወቀሰው እኔ።

የምነግርዎት ነገር የሆነው ቄሱን በነገር በወጋሁ በሁለተኛው ቀን ነው። ረፋዱ ላይ ቀጭኗ ሲስተር ወደ ክፍሌ ወረደች። ከሦስተኛው ፎቅ ናት፤ እግሯ መሬት አይነካም፣ ስትናገርም ስትሮጥም አንድ ናት።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«አለሁ።»

«እኔ ግን የለሁም» ብላ ቅርጫቱ ላይ ዘፍ አለች። «አንድ ሽማግሌ ሊገድለኝ ነው። ሹፌር ነበር፣ ወገቡ ተሰብሮ ሰባት ወር የተኛ። አንሶላዬን አትቀይሩም ካለ ዘጠኝ ቀኑ! ጥጉን በእጁ ጠምጥሞ ይዟል። ትናንት ሁለት ሆነን ብንሞክር አስተናጋጇን በክርኑ መታት።»

«ምን አገኘ አንሶላው ላይ?»

«መስቀል።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ።

«ሲገባ ከሦስት አንሶላ አንዱ ላይ ያገኛት ነበር አሉ። የምትጸልይልኝ ሴት ናት የሰፋቻት ይላል። እያነሰች እያነሰች መጣች፤ አሁን ያለችው ይቺ ብቻ ናት። ይቺን ከወሰዳችሁብኝ አልቆልኛል ይላል። እማማ፣ ጀርባው መላጥ ጀምሯል። ቁስሉ ወደ ውስጥ ከገባ በዚያ ዕድሜው አይነሳም፤ ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። የአልጋ ቁስል የነካውን አንሶላ የምቀበል ሰው ነኝ።

«እባክዎ፣ አምስት አንሶላ ላይ መስቀል ያድርጉልኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅብዎትም።»

«አላደርግም።»

«ምነው?»

«ውሸት አልሰፋም። መስቀሏ የሥራ ምልክት ናት፤ በሕይወቴ ለማላውቀው ሹፌር ጸልዬ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሳላውቅ ነው ያታለልኩት። አሁን አውቄ ባደርጋት የማን ስም ነው መጫወቻ የሚሆነው?»

«እማማ፣ ሰው ሊሞት ነው እኮ!»

የማጠቢያው መኪና ብቻ ይጮሃል። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከድካም ነው እንጂ እንደሌሎቹ አልቃሻ አይደለችም። ተነስቼ ሽርጤን ፈታሁ።

«ነይ፣ አሳይኝ። እኔው እነግረዋለሁ።»

ይህን ስል ደረጃው ትዝ አላለኝም። መጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው ያስታወስኩት። ልጄ የሞተችው ሦስተኛው ፎቅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከምድር ቤት ወደ ላይ አንድ ደረጃ ወጥቼ አላውቅም፤ የተጠገነውን አንሶላ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያወጣልኝ። ሲስተሯ «ልደግፍዎት?» አለች። «ጉልበቴ ደህና ነው፤ ቀድመሽ ሂጂ» አልኳት። ጉልበቴስ ደህና ነበር።

ክፍሉ አልተለወጠም። ስምንት አልጋ፣ አራት በዚህ ለወንድ፣ አራት በዚያ ለሴት። የልጄን አልጋ አላየሁትም፤ አላየሁትም ስል ዓይኔን ሰበርኩ ማለቴ ነው። ሹፌሩ መስኮቱ ሥር ነው። ትልቅ አጥንት፣ ሥጋው የሄደበት፤ መሪ የለመዱ ሰፋፊ እጆች። የአንሶላው ጥግ በግራ እጁ ላይ እንደ ፋሻ ተጠምጥሟል።

«አንሶላ ሰርቀህ የተኛኸው አንተ ነህ?» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ነርስ ቢጠፋ ቢጠፋ እንዲህ አርጅታ ትቀጠራለች?»

«ሰፊዋ ነኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። ለመነሳት ሞከረ፤ ወገቡ አልታዘዘውም። «እርስዎ ነዎት? መስቀሏን… በሕይወት አሉ?»

«አለሁ።»

ያቺ ቃል በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋን አገኘች።

«እኔ እኮ መስቀሏ ስትጠፋ ሞተዋል ብዬ ነፍስ ይማር ስልዎት ነው የከረምኩት!» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «እትዬ፣ ሰባት ወር ሙሉ ይቺን ወንበር አንድ ሰው አልተቀመጠባትም። ሚስቴ ቀድማኛለች፣ ልጅ አልሰጠንም። ሌላው አልጋ ጠያቂ ሲመጣለት የተኛሁ እመስላለሁ፤ እንዳይራሩልኝ። አንሶላ ሲቀየር ጥጉን እዳብሳለሁ። መስቀሏን ያገኘሁ ቀን ‘ተመስገን፣ አንድ ሰው አለኝ’ እላለሁ።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ቆሜ ልነግረው አልቻልኩም።

«ስማኝ» አልኩት። «የመጣሁት ልዋሽህ አይደለም። ያቺ መስቀል ጸሎት አይደለችም። አለቃችን መጥፎ የሰፋውን ለመያዝ ያስደረገችን ምልክት ናት። እኔ ያኔ ፊደል ስለማላውቅ መስቀል አደረግኩ። ሁለት ክር ናት፤ በቃ።»

ቀጥሎ ያለው በሽተኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለማን ነበር ታዲያ አሜን ስል የነበረው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለእኔ ግን አልነበረም።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀስ ብሎ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፣ ጨርቁን ከእጁ ፈታው። «ውሰጂው» አለ። እኔን አላየኝም።

የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ። እውነቱን ተናገርኩ፣ አንሶላው ተለቀቀ፣ ሲስተሯ ጀርባውን ታጥባለች። ግን የዚያን ሰው ማጅራት ሳይ አንድን ሰው ከመጨረሻ መጠለያው እንዳስወጣሁት ተሰማኝ። ጥጉን ለመጠቅለል ሳብኩት።

ክሩ ሰማያዊ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሰማያዊ ክር ያደረግኳት መስቀል አንዲት ብቻ ናት። ያን ሳምንት ነጭ ክር አልቆ ነበር፤ ዕቃ ግዢው ዛሬ ነገ ይለኛል። ልጄ እዚህ፣ እዚህ ክፍል ተኝታለች፤ ደሟ ታሞባት። በመኪና የሰፋሁት አንሶላ ደርሷት «እማዬ፣ ያንቺ ስፌት እኮ ነው የሚቆረቁረኝ» ብላ ቀለደችብኝ። በእጄ ላስተኛልሽ፣ ክር ግን የለም አልኳት። «ከካፖርቴ ጫፍ ምዘዢ» አለችኝ፤ «አሁን የት እሄድበታለሁ።» መዘዝኩ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ ሳልቀምስ ሰፋሁት፤ በየወጋሁት ቁጥር ማርልኝ፣ ማርልኝ እያልኩ። ለጥጉ መስቀሏን ያደረግኳት እጄ ለምዶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምልክት አላደረግኩም። ስለዚህ መስቀሎቹ እያረጁ ሲጠፉ የመጨረሻዋ ይቺ መሆኗ አይገርምም፤ ላስበው አልፈለግኩም እንጂ።

መሃሉን ዳበስኩት። ስፌቱ አይታወቅም።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሹፌሩ። ዞሮ እያየኝ ነበር።

ለቄሱ ያልነገርኩትን፣ ለለቅሶ ለመጡት ያልነገርኩትን፣ አንሶላ ለቀማኝ ሹፌር ነገርኩት። ልጄን እኔና ሲስተሮች አንስተን በዚህ አንሶላ ላይ አስተኛናት። ጀርባዋን ግራ ቀኝ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «እፎይ፣ ተመስገን» አለች። እኔ ደግሞ ያ ቃል እንደ እሳት ፈጀኝ። «ለምኑ ነው ተመስገን?» አልኳት። «ሠላሳ ሁለት ዓመትሽን ወስዶ በስፌት ሊክስሽ ነው? ሁለተኛ ይህን ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ!» ልጄ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ «እሺ እማዬ» አለች። ሁለተኛም አላለችው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አረፈች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰፈሩ ሁሉ እማማ አለሁ እግዚአብሔርን አኩርፋለች ይላል። እኔም እንዲሉ ተውኳቸው፤ ኩርፊያ ከውርደት ይሻላል። ከልጄ አፍ የነጠቅኩትን ቃል በየትኛው አፌ ልበለው?

ሹፌሩ አይዞሽ አላለኝም፤ በዚያ ወደድኩት።

«በእጅ ነው የሰፋሽው?» አለ።

«በእጅ።»

«ለካ ለዚህ ነው። ሌሎቹ ይቆረቁራሉ። እኔ መስቀሏ መስላኝ ነበር።» መዳፉን ወደ መሃሉ፣ ወደ ወገቡ ሥር አስገባ። «ለልጅሽ ነው የሰፋሽው፤ እኔ ጋ ደረሰ። ሰው አልነበረኝም፣ ጀርባዬ ግን አርፎ ተኛ። ታዲያ አሜን ያልኩት ባዶ ላይ ነው?»

መልስ አልጠበቀም። ወደ ጣሪያው አይቶ፣ ማንም እንዲሰማው ሳይሆን፣ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና «ተመስገን» አለ።

«ለምኑ» የሚለው ቃል ከልምዱ ተነስቶ ጥርሴ ድረስ መጣ። ነከስኩት። ልጄን ነው ያየኋት፤ ያን አስተያየቷን። እኔ ምስጋና ማለት የተሰጠሽንና የተወሰደብሽን መዝነሽ ትርፍ ሲገኝ የሚባል መስሎኝ ነበር፤ ሚዛኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አንድ ወገን ወድቋል። ልጄ ግን አልመዘነችም። ጀርባዋ አረፈ፤ ያሳረፋትን አመሰገነች። እንደምትሞት ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር።

«አሜን» አልኩ።

ድምፄን ሹፌሩ አላወቀውም፤ እኔም አላወቅኩትም።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ሲስተሯ ውሃ አመጣች፤ እኔ ትከሻውን ያዝኩ። ጀርባው ቀልቷል፣ ሁለት ቦታ ተልጧል፣ ግን ወደ ውስጥ አልገባም። ሌላ አንሶላ ስናነጥፍለት ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ የመኪና ነው» አለ።

«ዛሬን ቻለው። ያንን በእጄ አጥቤ ነገ እመልስልሃለሁ። እንዲቀያየሩልህ ሌላ ሁለት በእጄ አስተኛለሁ። እስከዚያ ግን ሲስተሮቹን በክርንህ መታህ ሲሉ ብሰማ ስፌቱን በገመድ ነው የማደርግልህ።»

«መስቀልስ?»

«መስቀል አላደርግም። ብነግርህ አይገባህም?»

«ተይው፣ አታድርጊ» አለ። «ጀርባዬ ያውቀዋል።» ከዚያ ደግሞ፣ በሩ ላይ ደርሼ ሳለሁ፣ «እትዬ፣ ወንበሯ ግን ባዶ ናት» አለኝ።

«አይቻለሁ» አልኩት።

ስወጣ የልጄን አልጋ አየሁት። አንዲት ሴት ተኝታበታለች፤ አንሶላዋ የመኪና ነው።

ማታ ስወጣ ዘበኛው እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሟል። «እማማ አለሁ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ፤ በየቀኑ ይህን ብሎ ይስቃል።

«አለሁ» አልኩት። ሁለት እርምጃ አልፌ፣ ዝቅ አድርጌ፣ «ተመስገን» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ጆሮህን ታጠብ አልኩ።»

እሱን አልነበረም ያናገርኩት።

ቤቴን ስከፍት ነፋሱ አብሮኝ ገባ፤ ካፖርቱ ተወዛወዘ። ሌላ ሰው አልነበረም። ከምስማሩ አውርጄ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ክር የመዘዝኩበት ጫፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። መርፌዬን አወጣሁ። ቤት ያለኝ ነጭ ክር ብቻ ነበር፤ በሱው ሰፋሁት። በሰማያዊ ላይ ነጭ ያስታውቃል።

ያስታውቅ።